ላሚቱ የያዘችበት ክረምት

የሰው ላም ሳስረግዝ ኖሬ ያፈርኩት በገዛ ወንድሜ ቤት ላም ነው። ሥራዬ ማዳቀል ነው። ቡሬ ከተማ እኖራለሁ፤ የኮርማ ዘር በቅዝቃዜ የሚቀመጥበትን የናይትሮጅን ዕቃ ከሞተር ብስክሌቴ ኋላ አስሬ፣ ላሙ ኮርማ የፈለገችበት ገበሬ ሲደውልልኝ እከንፋለሁ። የመንደር ልጆች «የኮርማው ሾፌር መጣ» እያሉ ይስቁብኛል። ይሳቁ፤ ከኔ የባሰ የሚሳቅበት ሞልቷል። ይህን የምጽፈው ግን ስለ ሥራዬ ለማውራት ብዬ አይደለም። ስለ ወንድሜ ሚስት ነው። ላም አልይዝ ስላለች ትዳር ፈረሰ ብል የሚያምነኝ አላገኝም፤ ግን የሆነው እንደዚያ ነው፣ እኔም እዚያው ነበርኩ።

ወንድሜ ታላቄ ነው። ከፍኖተ ሰላም ወደ ብር ወንዝ ወረድ ብሎ በርበሬና በቆሎ ያርሳል። እናታችንም የሚኖሩት ከእሱ ጋር ነው። ሚስቱን ያመጣት ከሰከላ፣ ከግሽ ዓባይ ወገን ነው፤ ጠዋት ጋቢ ሳይደርቡ ደጅ ከማይወጣበት አገር። እኛ ቆላ ስትወርድ ሙቀቱ ፊቷን አቀላው። የባሏ ታናሽ ብሆንም በአማት ቤት ወግ «ጋሼ» እያለች አንቱ ትለኝ ነበር፤ እኔም «እቴ» እላታለሁ። ሣቅ ታውቃለች፣ እጇም ለሥራ አይሰንፍም። ልጅ ግን አልመጣም። እናቴ መጀመሪያ ዝም አሉ። ቀጥለው ጠበል ላኳት። ኋላ ኋላ ጎረቤት ሲመጣ ጠብቀው «እግዜር የዘጋውን ማን ይከፍታል» ማለት ጀመሩ። በኛ አገር እንዲህ ያለ ነገር ፊት ለፊት አይባልም፤ በጎን ነው የሚላከው። የተላከለት ሰው ግን ይሰማዋል፣ እሷም ጓዳ ሆና ትሰማ ነበር።

ላሚቱን የመረጥኳት እኔ ነኝ። ቡሬ ካለ አንድ የወተት ላም አርቢ ዘንድ ያገኘኋት ጥቁርና ነጭ ድቅል ጊደር ነበረች፣ አርግዛ። ወንድሜ ግቢ ገብታ በሰላም ወለደች፤ የሰፈሩ ሴቶች ጡቷን ሊያዩ እየመጡ አፋቸውን ይዘው ተመለሱ። እናቴን ደስታውም ስጋቱም አንድ ላይ ያዛቸው። የፈረንጅ ደም ያለባት ላም እንደ ሀብታም ልጅ ናት። ብዙ ትበላለች፣ ብዙ ትሰጣለች፣ ፀሐይ ግን አትችልም። ይህን ለወንድሜ ነግሬዋለሁ። ጥላማ ነበራት፤ ጋጧ የሳር ክዳን ነበር። ቀትር ሲሆን ደግሞ ሚስቱ ፈትታ ወንዙ ዳር ካለው ሾላ ሥር ትወስዳት ነበር። ማንም አላዘዛትም። «እኔም እሷም የዚህ አገር ሰው አይደለንም ጋሼ» ትለኝ ነበር፣ «እኔን ያነደደኝ ሙቀት እሷን ይተዋታል?»

ከዚያ በርበሬ የበረከተበት ዓመት መጣ። ወንድሜ በርበሬውን ሸጦ ምን ቢያደርግ ጥሩ ነው? የጋጡን ሳር አፍርሶ ቆርቆሮ አለበሰው። ዝቅ ያለ ቆርቆሮ፣ ከራስ ትንሽ ከፍ የሚል። ግድግዳውንም ዓይን እንዳይገባ ብሎ እስከ ጣሪያው በጭቃ ደፈነው። አገሩ ሁሉ መጥቶ «እንቦሳ እሰሩ» ብሎ መረቀ። እኔም መርቄያለሁ። ከሩቅ ሲያዩት ያብለጨልጭ ነበር፤ ሰውም «ከብቱ ከባለቤቱ የተሻለ ቤት ገባ» እያለ ቀለደ።

መጋቢት ላይ ላሚቱ ኮርማ ፈለገችና ወንድሜ ደወለ። እኔ ሁልጊዜ የምሄደው በማለዳ ነው፤ ለዘሩም ለኔም ይሻላል። ደረስኩ፣ አየኋት፣ ጊዜዋ ነው፣ ሥራዬን ሠራሁ። የወንድሜ ሚስት የእጅ ውሃና ሳሙና ይዛልኝ ስትመጣ እናቴ የጋጡ በር ላይ ቆሙና ጆጉን ከእጇ ተቀበሏት። «አንቺ እዚያው ሁኚ» አሏት። ቁጣ የለበትም፤ እንዲያውም ለስለስ ብለው ነው ያሉት። እሷም እዚያው ቆመች።

ነገሩ እንዲህ ነው። በኛ ዘንድ አዲስ የተጠቃች፣ ገና ዘር የተቀበለች ላም ለዓይን አትታይም። ዘሩ እስኪረጋ ድረስ ያለውን ሰሞን ከቤት አትወጣም፤ ሳሩም ውሃውም ይገባላታል እንጂ እሷ አትወጣለትም። ከዓይን ሁሉ ደግሞ የሚፈራው ያልወለደች ሴት ዓይን ነው። ክፉ ስለሆነች አይደለም፤ ሳታስበው ያምራታል፣ ያማራትም ይቀራል ይባላል። እናቴ ክፉ ሴት አይደሉም። የሚያምኑትን ነው ያደረጉት። ላሚቱን ከቆርቆሮው ሥር አስገብተው በሩን በጆንያ ጋረዱት። የቀትሩም የሾላ ጥላ ቀረ፤ ይወስዳት የነበረው እጅ እንዳይነካት ተከልክሏላ።

ሦስት ሳምንት እንዳለፈ ላሚቱ ኮርማ ፈልጋ እንደገና ጮኸች። ሚያዝያ ላይ መልሼ አዳቀልኳት፤ እናቴ መልሰው ደበቋት። አልያዘችም። ግንቦት ላይ እልህ ያዘኝ። በኛ ሙያ አንድ ላም ስትመላለስብህ ሰው ሁሉ ዓይንህን ማየት ይጀምራል፤ ይባስ ብሎ የእናትህ ቤት ላም ናት። የኮርማውን ዘር ቀየርኩ። መኖዋን ጠየቅሁ፣ ጨው ጨመርኩላት። እጄን አስገብቼ ማህፀኗን ዳሰስኩ፤ ንጹሕ ነው፣ አንድ እንከን የለበትም። አዳቀልኳት፤ ደበቋት። ተመለሰች።

እናቴ ከዚያ በኋላ ቃላቸውን ማለዘቡን ተዉት። «ላሚቱ እዚህ ስትመጣ አርግዛ ነበር፤ እዚህ ግቢ ግን የሚይዝ ነገር የለም» አሉ። ግቢው ማን እንደሆነ ሁላችንም ገባን። ወንድሜን አየሁት። መሬት እያየ በጫማው አፈር ይጭራል። የአህያ ባል ከጅብ አያስጥልም ይባላል፤ ወንድሜን እወደዋለሁ፣ ግን ያን ቀን እንደዚያ ነበር።

ሰኔ ሲገባ የወንድሜ ሚስት «ግሽ ዓባይ ጠበል ተጠምቃ ትመጣለች» ተብላ ተላከች። ሻንጣዋ ከነሙሉ ልብሷ ነበር። ለጠበል የሚሄድ ሰው የክረምቱንም የበጋውንም ልብስ ይዞ አይሄድም፤ ያየ ሁሉ ያውቃል፣ ያወቀ ሁሉ «በሰላም ተመለሽ» ይላል። ወንድሜ ፍኖተ ሰላም መናኸሪያ ድረስ ሸኛት።

ይህን የሰማሁት በስልክ ነው። ንዴቴ አናቴ ላይ ወጣ። ለሌላ ሰው የያዝኩትን ቀጠሮ ትቼ ሞተሬን አስነስቼ ወረድኩ፤ ስደርስ ቀትር ነበር። ዝናቡ ገና አልጣለም፣ ሰማዩ ጠርቶ ፀሐይዋ ትፋጃለች። ቤት ውስጥ ሰው ስላጣሁ ወደ ጋጡ ሄጄ ጆንያውን ገለጥኩት። ከውስጥ የወጣው ሙቀት ወደ ኋላ መለሰኝ። ላሚቱ መሐል ላይ ቆማለች፤ አልተኛችም። አፏን ከፍታ፣ ምላሷን አውጥታ፣ ለሃጯ እየተንጠባጠበ ጎኗ ይናጣል። ሙቀት መለኪያዬን አውጥቼ ለካኋት። ያላመማት ላም የታመመች ላም ትኩሳት ይዛለች።

እዚያው ጆንያውን እንደያዝኩ ቁጭ አልኩ። እኔ እኮ እዚያ ጋጥ በቀትር ገብቼ አላውቅም። የማያት ሁልጊዜ በማለዳ ነው፤ በማለዳ ያ ጋጥ ቀዝቃዛ ነው፣ ላሚቱም ደኅና ናት። ሥልጠና ላይ ስለ ሙቀትና ስለ ጽንስ ያልሰማሁ ሆኜ አይደለም። ሰምቻለሁ። ያኔ ግን ስለ በረሃ አገር የሚያወሩ ነው የመሰለኝ፤ የወንድሜ በር ላይ አላሰብኩትም።

እናቴና ወንድሜ ከማሳ ሲመለሱ እጃቸውን ሳይታጠቡ ያዝኳቸው። እንዲገባቸው አድርጌ ነው የነገርኳቸው፤ እንደዚያ ቀን አድርጌ የነገርኩት ሰው የለም። የኮርማው ዘር ከእንቁላሉ ሲገናኝ ወዲያው ማህፀን አይገባም፤ ከማህፀን በላይ ባለች ቀጭን ቱቦ ውስጥ ጥቂት ቀን ይሰነብታል። አንዱ ሁለት፣ ሁለቱ አራት፣ አራቱ ስምንት እየሆነ ይከፈላል። ዓይን ቢያፈጥ የማያየው ነገር ነው። በዚያ ሰሞን ራሱን የሚከላከልበት አቅም ገና አላበጀም፤ የእናቲቱ ሰውነት ከልኩ ትንሽ ሲያልፍ እዚያው ይቀራል። ደም የለ፣ ምልክት የለ፣ እሷም አታውቀው። ጊዜዋ ሲደርስ ምንም እንዳልነበረ እንደገና ትጮኻለች። ያን ሰሞን ካለፈ ግን እየጠነከረ ይሄዳል፤ ያው ሙቀት እንደ መጀመሪያው በቀላሉ አይጥለውም። እንዲያውም እንቁላሉ ራሱ፣ ገና ሳይወጣ፣ አስቀድሞ ባሉት ሳምንታት ሙቀት ከመታው ተዳክሞ ነው የሚወጣው።

«እምዬ» አልኳቸው፣ «በርበሬ ስትዘሩ መደቡን ለምንድን ነው ሳር የምታለብሱት?»

«ፍሉን ፀሐይ እንዳይመታው ነዋ» አሉ።

«ሲያድግስ?»

«ሲያድግማ ይገለጥለታል፤ ይችላል።»

«ይኸውልዎ። እኛ የላሚቱን ፍል ቆርቆሮ ሥር አስገብተን ጠበስነው። ከዓይን እንሰውራት ያልንበት ሰሞን ጽንሱ ጥላ የሚሻበት ሰሞን ነው። ያቺ ልጅ ሾላ ሥር ስትወስዳት ብንተዋት ኖሮ ይሄኔ ላሚቱ ከብዳለች።»

እናቴ ሰሙኝ። ነጠላቸውን አስተካከሉና «አንተ ያስተማሩህን ትናገራለህ፤ እኔ ያየሁትን እናገራለሁ» አሉ። «የጎረቤታችንም ጋጥ ቆርቆሮ ነው። የነሱ ላም አልወለደችም?»

የጎረቤቱ ላም የአገር ዘር ናት፤ ለዚህ ሙቀት የተፈጠረች። ጋጡም ግድግዳ የለውም፣ ነፋስ ይገባዋል። ይህንንም ነገርኳቸው። ነገርኳቸው ስል ጮኽኩባቸው ማለቴ ነው። እናት ላይ ተጮኾ የሚገኝ ነገር የለም፤ ፊታቸውን ወደ ግድግዳው አዞሩ። ውሃ ቢወቅጡት እምቦጭ።

ተነስቼ የግድግዳውን ጭቃ በሁለት በኩል አፈረስኩት። ወንድሜ መሰላል አምጥቶ ቆርቆሮው ላይ ወፍራም ሳር ደረደረ። ሥራው አልቆ ስንታጠብ «ነገ ሂድና ሚስትህን አምጣ» አልኩት።

«እምዬን ታውቃቸዋለህ» አለኝ። «ዛሬ ባመጣት ነገ መልሰው ያስወጧታል። መጀመሪያ ላሚቱ ትያዝ። ከያዘች የቆርቆሮው መሆኑን በዓይናቸው ያያሉ፤ ያኔ እኔው በክብር አመጣታለሁ።»

ጥሩ ሐሳብ መሰለኝ። እንዲያውም እናቴ ዘንድ ገብቼ «ላሚቱ በዚህ ጥላ ከያዘች ልጅቱን ያስመጡልናል?» አልኳቸው። «ከያዘች እንነጋገራለን» አሉ። ደስ ብሎኝ ወጣሁ። እንዴት ያለ ሞኝነት ነው። ላሚቱ ልትይዝ የሚገባት ያቺ ሴት ግቢው ውስጥ እያለች፣ ሳሩን እያጨደችላት፣ ውሃውን እያቀረበችላት ነበር። እሷ ሰከላ ሆና ላሚቱ ብትይዝ ምስክርነቱ ለማን እንደሚሆን ሁለታችንም አልታየንም። ስንቱን ነገር የማስብ ሰው፣ ይህችን አላሰብኳትም።

ክረምቱ ገባ። ብር ወንዝ ሞልቶ መሻገሪያ ጠፋ፣ አገሩ በረደ፣ ላሚቱም መልኳ ተመለሰ። ሐምሌ ላይ በጭቃ ሞተሬን እየገፋሁ ሄጄ አዳቀልኳት። ሦስት ሳምንት ጠበቅን፤ አልጮኸችም። ሌላ ሦስት ሳምንት፤ ጸጥ አለች። መስከረም ከጠባ በኋላ እጄን አስገብቼ ዳሰስኳት። ይዛለች። እጄን ሳላወጣ ልቤ ወደ ሰከላ ሄዶ ነበር፤ ወንድሜን በየትኛው መኪና እንደምልከው ሁሉ አስቤያለሁ።

«ይዛለች እምዬ» አልኳቸው።

እናቴ መሬት ስመው እልል አሉ። ቀና ሲሉ ዓይናቸው እንባ አቅርሯል። «አየህ ልጄ?» አሉኝ፣ በፍቅር ነው ያሉኝ። «እሷ በወጣች በወሩ።»

 ክረምት ነው፣ ቅዝቃዜው ነው፣ ሳሩ ነው፣ ግድግዳው ነው አልኩ። አልተቆጡኝም እንኳ። የተረታ ሰው እንደሚያወራ አዩኝና ትከሻዬን ዳበሱኝ። ወንድሜን ፈለግሁት፤ በር ላይ ቆሞ ያየናል። ፊቱ ላይ ያየሁትን ባላይ ይሻለኝ ነበር። አምኗቸዋል። እኔ በገዛ እጄ ያመጣሁትን ማስረጃ ተቀብሎ አምኗል። ከዚያን ቀን ወዲህ አመጣታለሁ የሚል ቃል ከአፉ አልወጣም። ጥር ላይ ሽማግሌ ተልኮ ሌላ ልጅ ታጨችለት፤ ሠርጉ ላይ እኔም ጠጅ ቀድቻለሁ።

ላሚቱ ሚያዝያ ላይ ጊደር ወለደች። ከፋሲካ በኋላ ለማዳቀል ሥራ ወደ ሰከላ ተላክሁ። ለሥራ ነው የሄድኩት፤ ግን ባልላክም የምሄድ ይመስለኛል። ግሽ ዓባይ ገበያ ላይ አገኘኋት። ጋቢ ደርባ ድንች ዘርግታ ተቀምጣለች፤ የቆላው ቅላት ከፊቷ ጠፍቷል። ስታየኝ ብድግ ብላ አንገቷን ሰበር አድርጋ ሳመችኝ። ድሮ እንደምታደርገው ጆንያ አጥፋ መቀመጫ አበጀችልኝ።

«እምዬ ደኅና ናቸው ጋሼ?»

«ደኅና ናቸው።»

ስለ ወንድሜ አልጠየቀችኝም። ሰምታለች። «ላሚቱስ?» አለች።

«ወለደች። ጊደር ናት።»

«እሰይ፣ ማርያም ማረቻት።» ከልቧ ደስ አላት፤ ፊቷ ላይ አየሁት። ከዚያ ጣቶቿን እያጠፈች ቆየችና «ሐምሌ ላይ ነው የያዘችው እንግዲህ» አለች። «እኔ ከወጣሁ በኋላ ነው።» ቀስ ብላ ነው ያለችው፣ እንደ እናቴ። «እውነታቸውን ነበር ማለት ነው።»

«ኧረ ተይ እቴ» አልኳትና የያዝኩትን ሁሉ ዘረገፍኩላት። ገዢ ሲመጣ እያቋረጥኩ፣ ገዢ ሲሄድ እየቀጠልኩ፤ ስለ ቆርቆሮው፣ ስለ ቱቦዋ፣ አንዱ ሁለት ሁለቱ አራት ስለሚሆነው፣ ስለ በርበሬው ፍል። አንቺ ሾላ ሥር ስትወስጃት ነበር ልክ የነበረው አልኳት። ዓይንሽ አይደለም፣ እጅሽ አይደለም፣ እግርሽም አይደለም፣ ፀሐይ ነው አልኳት። ይህን ብትሰማ ከላይዋ ሸክም የሚወርድላት መስሎኝ ነበር።

እስከ መጨረሻው አዳመጠችኝ። አንድ ድንች አንስታ አፈሩን በጋቢዋ ጫፍ ጠረገች።

«ገባኝ ጋሼ» አለች። «የላሚቱ ፀሐይ ነው። የኔስ?»

በኛ ሙያ ላም አልይዝ ስትል መጀመሪያ የሚጠየቀው ኮርማው ነው። እኔም ግንቦት ላይ ዘሩን ቀይሬያለሁ። ላሚቱን በእጄ ዳስሻለሁ፣ በመለኪያ ለክቻለሁ፣ ቤት አፍርሼላታለሁ። ለዚች ሴት ጠበልና የመኪና ሽኝት ነው ያደረግንላት። ወንድሜንስ ይመርመር ያለ ሰው አልነበረም፤ እኔም አላልኩም፣ ወደ ሐሳቤም አልመጣም። እሷ መልስ እየጠበቀች ታየኛለች።

«አላውቅም እቴ» አልኳት። «አልጠየቅንም።»